በራሳችን ከረጢት፣ በራሳችን ስም

እንጅባራ ላይ ድንች የሚጭን አይሱዙ ባያችሁ ጊዜ ማዳበሪያዎቹ ላይ የታተመውን አንብቡ። አንዱ «ዩሪያ 46%» ይላል። ሌላው የዱቄት ፋብሪካ ምልክት አለበት፤ ሦስተኛው የስኳር ነው። በባንጃና በጓጉሳ ሽኩዳድ ደጋ የበቀለው ድንች ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ የሚገባው የሰው ስም ለብሶ ነው። ከየትኛው ቀበሌ እንደወጣ፣ ዝርያው ጉደኔ ይሁን በለጠ፣ መቼ እንደተቆፈረ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ የለበትም።

ማሩም እንደዚሁ ነው። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደፋል፣ «ሽታው ለቋል» ይባልና ማር ይሞላበታል። በርበሬው ከፌስታል ወደ ፌስታል ይገለበጣል። ግብጦው በጣሳ ተሰፍሮ በደብተር ወረቀት ይጠቀለላል።

ጥር 23 ቀን ግን እኛ የአዊ ሰዎች ሌላ ሰዎች እንሆናለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ፈረሱ ከግንባሩ እስከ ኮርቻው አሸብርቆ ይወጣል፤ ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከዚገም፣ ከአዘና የመጣው ፈረሰኛ ሁሉ ልጓሙ እንኳ ሳይወለወል ሜዳ አይገባም። ፈረሱን እንዲህ አሳምሮ የሚያለብስ ሕዝብ ማሩን በዘይት ጀሪካን ሲሸጥ አይቆጨውም። እኔን ይቆጨኛል፤ ይህን የምጽፈውም ስለሚቆጨኝ ነው።

እናንተ በዳንግላ ወፍጮ ቤት ያላችሁ፣ በእንጅባራ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታችሁ የምትሸጡ እናቶችና እኅቶች፣ በአዲስ ቅዳምና በግምጃ ቤት ማር የምትሰበስቡ፣ ተደራጅታችሁ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች፣ ጥሪው ለእናንተ ነው። ማሸጊያ በየግላችን መግዛቱን እንተው። በእንጅባራ አንድ፣ በዳንግላ አንድ የጋራ ማሸጊያ ቤት እንክፈት።

ለምን በጋራ? ስሙ የታተመበት ከረጢት ለማሠራት የሞከረ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። በፕላስቲክ ጥቅል ላይ ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሲሊንደር ይቀረጻል። የሲሊንደሩ ዋጋ አንድ ሺህ ከረጢት ብታሳትሙም መቶ ሺህ ብታሳትሙም ያው ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካው ከተወሰነ ኪሎ በታች ትእዛዝ አይቀበልም። አንዲት በወር ጥቂት ኩንታል ሽሮ የምታዘጋጅ ነጋዴ ይህን ብቻዋን እንዴት ትወጣዋለች? አትወጣውም። ስለዚህ መርካቶ ሄዳ ባዶ ከረጢት በችርቻሮ ትገዛለች፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሠራችውን ወረቀት ትለጥፍበታለች፣ ወረቀቱም ቅባት ሲነካው ይላጣል። ሃምሳ ነጋዴ ሆነን ስንሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ወጥ ከረጢት እናሳትማለን፤ ፊቱ ላይ የአዊ ምርት መሆኑ በአማርኛና በአውንጊ ይጻፍበታል፤ ከታች ነጭ ቦታ ይተዋል። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ስም፣ አድራሻ፣ የምርቱን ዓይነት፣ የተጣራ ክብደቱንና ቀኑን በትንሽ ተለጣፊ እዚያ ነጭ ቦታ ላይ ያደርጋል። የሲሊንደሩ ወጪ ለሃምሳ ተካፈለ ማለት ነው።

«ደግሞ አሁን የማሸጊያ ጊዜ ነው?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አሁን ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙ ቤተሰብ ያቆመው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበሽታ ተመትቷል። ከሰል አክስሎ ቆርቆሮ ቤት የሠራ ገበሬ ዛሬ ሌላ ገቢ እየፈለገ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ የሚበላሸው ያልታሸገው ነው፤ በደንብ የታሸገ በርበሬ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም፣ በፌስታል ያለው ግን እርጥበት ይስባል። ሕጉም መጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ማንም አልሰማውም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ግን የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል ሲሆን፣ ይዞ ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ይላል። በፌስታል መሸጥ የለመደ ሱቅ ነገ ምን ሊያደርግ ነው? ትልቅ ትእዛዝ ከመስጠታችን በፊት የትኛው ማሸጊያ በክልከላው ሥር እንደሚወድቅ፣ የትኛው እንደማይወድቅ ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንጠይቅ። ይህንንም አንድ ሆነን ብንጠይቅ መልሱ ይፈጥናል።

አሁን ወደ ምርቶቹ። ከግብጦ ልጀምር፤ ምክንያቱም የተናቀው እሱ ነው።

ግብጦ በደካማ መሬት ላይ የሚበቅል፣ የአዊና የምዕራብ ጎጃም ገበሬ እንደ ዋስትና የሚዘራው እህል ነው። መራራነቱ እስኪለቅ ድረስ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ይህን ሁሉ የለፋችበት ሴት በመጨረሻ መናኸሪያ ቆማ ለተሳፋሪ በጣሳ ትሰፍራለች። ፖርቱጋል ውስጥ ይኸው ግብጦ፣ የእኛው ነጭ ግብጦ ዘመድ ሳይሆን ራሱ፣ በጨው ውኃ ተነክሮ በብርጭቆ ማሰሮ ታሽጎ በሱፐርማርኬት ይሸጣል። ሰው ከቢራ ጋር የሚበላው የተከበረ ነገር ነው። ጣሊያንም ስፔንም እንዲሁ። እነሱ ካላቸው እኛ የሌለን ማሰሮውና ክዳኑ ብቻ ነው ብዬ ብናገር ግን ላሳስታችሁ ነው። እርጥብ ግብጦን አየር በማይገባው ነገር ማሸግ አደገኛ ሥራ ነው። አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበት፣ አሲድ በሌለበት ቦታ የሚራባ ተሕዋስ አለ፤ የሚፈጥረው መርዝ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ በሽታ ያስከትላል። ጨው ማብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የአሲዱ መጠን መለካት፣ ሙቀቱም መቆጣጠር አለበት። ስለዚህ «ቫኪዩም ማሽን ገዝቼ እርጥብ ግብጦ ልሸጥ» የሚል ካለ ይታገሥ። የምንጀምረው በደረቁ፣ ታጥቦ በተቆላው ግብጦ ነው። ቆሎው በሚገባ ደርቆ፣ ቀዝቅዞ፣ እርጥበት በማያስገባ ከረጢት በ100 ግራምና በ250 ግራም ይታሸግ። ሳይቀዘቅዝ ከታሸገ ላቡ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፣ በሳምንቱ ይሻግታል። እርጥቡን ለማሰሮ ማብቃቱ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቤት ሥራ ይሁን፤ ሄደን በሩን እናንኳኳ፣ ናሙናውን ከእኛ ይውሰዱ።

በርበሬ ሌላ ጠባይ አለው። ጠላቶቹ ብርሃንና እርጥበት ናቸው። በሚያሳይ ላስቲክ ታሽጎ ሱቅ መስኮት ላይ የተደረደረ በርበሬ ቀይ ሆኖ ገብቶ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እርጥበት ካገኘ ደግሞ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን በዓይን አይታይም፣ በመቁላትም አይጠፋም። ሰሞኑን ፋሽን የሆነው ቡናማ ወረቀት ከረጢት፣ ፊቱ ላይ መስኮት ያለው፣ ሲያዩት ያምራል። ግን ውስጡ በላስቲክ ወይም በአልሙኒየም ፎይል ካልተለበጠ ለበርበሬ አይሆንም፤ ወረቀት ብቻውን እርጥበት አያግድም። ስትገዙ ቅደዱትና ጠርዙን ተመልከቱ። ስንት ንብርብር ነው? ነጋዴው ውፍረቱን በማይክሮን መናገር ካልቻለ ሌላ ዘንድ ሂዱ።

እዚህ ላይ ስለ ማሸጊያዋ ትንሿ ማሽን ላውራ። አብዛኞቻችን ያለችን በእጅ የምትጫን፣ ጉንጮቿ መካከል ከረጢቱ የሚገባባት መሣሪያ ናት። ከላይ የምናየው ቡኒ ጨርቅ ቴፍሎን ነው፤ ከሥሩ ቀጭን ጠፍጣፋ ሽቦ አለ። ሽቦው የሚግለው በተጫነች ቅጽበት ብቻ ስለሆነ መብራት ብዙ አትበላም። ቴፍሎኑ ሲቃጠል መለወጥ አለበት፤ እኛ ግን ስኮች እንለጥፍበታለን፣ ስኮቹ ይቀልጣል፣ ከረጢቱ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ «ማሽኑ ተበላሸ» እንላለን። ሌላው በሽታ ዱቄት ነው። በርበሬ ሲሞላ የከረጢቱ ከንፈር ላይ ዱቄት ከቀረ የቱንም ያህል ብትጫኑት አይገጥምም፤ የተዘጋ ይመስላል፣ ግን ያፈሳል። ከንፈሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ወይም ረዥም አንገት ያለው ማንቆርቆሪያ ተጠቀሙ። ከዚያ ከየሃምሳው አንዱን አንሡና ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ደፍቃችሁ ጨምቁት። አረፋ ከወጣ ማሸጊያችሁ ክፍት ነው። ይህን ፈተና ለማድረግ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ሳፋ ያስፈልጋል።

ስለ ማር ባለሙያዎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ ማሸጊያው ላይ ብቻ ልቁም። ማር ውኃ ከአየር ይጠጣል፤ የእርጥበቱ መጠን ከ20 በመቶ ካለፈ ሊቦካ ይችላል። ክዳኑ ጥብቅ ያልሆነ ዕቃ ማሩን ይገድለዋል ማለት ነው። የደጋ ማር ይረጋል፤ ጠባብ አፍ ባለው ጀሪካን ውስጥ ሲረጋ የሚወጣው እሳት ላይ ተጥዶ ነው፣ እሳት ደግሞ ጥራቱን ያበላሻል። ስለዚህ አፈ ሰፊ፣ ለምግብ የተሠራ ባልዲ ለጅምላ፣ አፈ ሰፊ ማሰሮ ለችርቻሮ። ዕቃው ሥር ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ሁለትና አምስት ብዙ ጊዜ ለምግብ ዕቃ የሚሠራባቸው ፕላስቲኮች ናቸው፣ ዋናው ግን ዕቃው አዲስና ለምግብ ተብሎ የተመረተ መሆኑ ነው። ቀለም የነበረበት ባልዲ፣ የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብ ቢቀቀል ለምግብ አይሆንም። በዚህ ድርድር የለም። ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር የገባችው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የምናቀርበው በዘይት ጀሪካን ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

የድንች ነገር ግን አጭር ነው። ድንች ከተቆፈረ በኋላም ይተነፍሳል፤ ጥብቅ ተደርጎ የተሸመነ ማዳበሪያ ያፍነዋል፣ ከአፉ በላይ ተቆልሎ በገመድ ሲሰፋ ደግሞ ከላይ ያለው በፀሐይ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው መራራ መርዝ አለው። መረብ ከረጢት እንግዛ፣ ከ50 ኪሎ አናስበልጥ፣ መኪናው ላይ በሸራ እንሸፍነው። መቶ ኪሎ የሚመዝን ማዳበሪያ ከአይሱዙ ላይ የሚወረወረው ተሸካሚው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው። ለዘር የሚቀመጠው ጨርሶ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ በስስ ብርሃን መደርደሪያ ላይ እንጂ በከረጢት አይቆይም። በቆሎና ባቄላ ለሚያከማች ደግሞ ውስጡ ሁለት የላስቲክ ከረጢት ያለው የፒክስ ከረጢት አለ፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም።

ከደጃችን ያለውን ሀብትም አንርሳ። የእንጅባራ ቀርቀሃ ከመንገድ ዳር ወንበርና ቅርጫት አልፎ የማሸጊያ ሀብት ነው። ማርና ግብጦ በሚያምር ትንሽ የቀርቀሃ ቅርጫት ገብቶ የበዓል ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ድንችና ፍራፍሬ በቀርቀሃ ሣጥን ሊጓጓዝ ይችላል፤ ፌስታል ሲከለከል ዘንቢል ወደ ገበያ ይመለሳል። ግን ቀርቀሃው ከሦስት ዓመት በላይ የበሰለ፣ በደንብ የደረቀ ይሁን። ለጋው ሲቆረጥ ስኳርና ስታርቹን ፍለጋ ነቀዝ ይገባበታል፤ ደንበኛችን ቤት ደርሶ ዱቄት የሚያራግፍ ቅርጫት ስማችንን ያጠፋል። ቀርቀሃ ሠሪዎቻችን ከማሸጊያ ቤቱ መሥራቾች ውጭ መሆን የለባቸውም፤ ለልመና ሳይሆን እንደ ባለድርሻ ይግቡ።

ማሽን እንግዛ ሲባል ልባችን የሚሄደው ወደ ትልቁ ነው። ሸራ ለብሶ፣ አቧራ ጠጥቶ የቆመ ማሽን ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም፣ የሚሠራበት መብራት ይቆራረጣል፣ ያሠለጠነው ሰው ስልኩን አያነሣም። ከታች እንነሣ። መጀመሪያ ልኩ የተረጋገጠ ሚዛን፤ 500 ግራም ብለን ጽፈን 470 ከሸጥን ማሸጊያው ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ አራት አምስት የእጅ ማሸጊያ፣ ከመለዋወጫ ሽቦና ቴፍሎን ጋር። ከዚያ የጆንያ መስፊያ ማሽን፣ በገመድና በወስፌ የምንሰፋውን የምታስቀር። ሥራው ሲበዛ በቀበቶ እየሳበ የሚያሽግ፣ ቀንም አብሮ የሚያትም ማሽን እናክላለን። ከመግዛታችን በፊት የራሳችንን በርበሬና የራሳችንን ከረጢት ይዘን ሄደን ፊታችን ያሽጉልን፤ በሻጩ ናሙና የሚሠራ ማሽን በእኛ ዱቄት ላይሠራ ይችላል። መለዋወጫው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የት ሱቅ እንደሚገኝ ሳንጠይቅ ብር አንክፈል።

ገንዘቡስ? ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ይህን ጥያቄ መጠየቅ የለብንም። ሠርግና ልቅሶ በጋራ የሚወጣ ሕዝብ ሚዛንና ማሸጊያ ማሽን አይከብደውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 በሕጋዊ መንገድ ለመደራጀት በሩን ከፍቷል። ባንክ ስንሄድም የጋራ ሒሳብና የጋራ ደረሰኝ ይዘን እንሂድ።

ስማችንም በሕግ ይጠበቅ። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የጋራ የንግድ ምልክትን ያውቃል፤ ማመልከቻውን የሚቀበለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞቿን ይዛ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ፈርማለች። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የገረመው ስም ገንዘብ መሆኑ ነበር። እኛም «የአዊ» ብለን የምናትመውን ሌላ ሰው ቀድሞን ከማስመዝገቡ በፊት እንሂድ።

ይህ ግን ግዴታ ያመጣል። በአንድ ከረጢት ስንሸጥ የአንዱ ኃጢአት ለሁላችን ይተርፋል። ማሩ ላይ ስኳር የቀላቀለ፣ በርበሬው ላይ ሸክላ የፈጨ ሰው በዚህ ከረጢት አይሸጥም፤ መሥራች ቢሆን፣ ዘመድ ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢልክ አይሸጥም። ይህን በመተዳደሪያ ደንባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንጻፈው። ደንቡን የሚያስፈጽም ኮሚቴ ከነጋዴም ከገበሬም ከሸማችም ይውጣ።

«ማሸጊያ ዋጋ ያስወድዳል» የምትሉኝን እሰማለሁ። ያስወድዳል። ግን አሁን የምንከፍለውን ቁጠሩት፤ በመንገድ የፈሰሰው፣ የሻገተው፣ አረንጓዴ ሆኖ የተጣለው፣ ደላላው «ምልክት የለውም» ብሎ የቆረጠብን ሁሉ ከኪሳችን ነው የወጣው። በዋሽንግተን የሐበሻ ሱቅ በርበሬና ሽሮ የሚገዛ የአዊ ልጅ ከረጢቱን ገልብጦ የሚያየው የአገሩን ስም ፈልጎ ነው፤ ካገኘ ሁለት ብር አይቆጥርም። ወደዚያ ለመድረስ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ምግብ የሚያዘጋጀው ተቋም እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ጓዳ አይመዘገብም፣ ማሸጊያ ቤት ግን ይመዘገባል። እዚሁ አገር ውስጥም ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ለመቀመጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ማሟላት ግድ ነው። አንዱ ብቻውን ፈቃድ ፍለጋ ከሚንከራተት ሃምሳው በአንድ ቤት ይግባ።

እንግዲህ ወሬው ይብቃና እንነሣ። የእንጅባራዎቹ በእንጅባራ፣ የዳንግላዎቹ በዳንግላ፣ ወደ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የመሥራቾች ስብሰባ ቀን አስቆርጡ። ከየከተማው ሰባት ሰው ለአስተባባሪነት ይበቃል፤ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ፣ በርበሬውንም ግብጦውንም የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸውና። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራን ለማሽኑ ምርጫ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ለምርመራው ይጠሩ። የየራሳችሁን የወር የከረጢት፣ የጀሪካንና የማዳበሪያ ወጪ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ምርታችሁንም ዛሬ በምትሸጡበት ማሸጊያ እንዳለ ይዛችሁ ኑ።